ለምለምን ቅባት ቀባኋት

«ሟቹ መቼ ነው የሞተው?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ስቀጠር እንዲሁ ነበር» አለ ዘበኛው።

መርማሪዋ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆማ ጣቱ ወደሚያመለክትበት ተመለከተች። ከኮሪደሩ ጥግ፣ ከብረት ማንጠልጠያ ላይ አንድ ሙሉ አጽም ተሰቅሏል። አንድ እጁ ጎድሏል፤ የሆነ ቀልደኛ ተማሪ ቆብ ደፍቶበታል። ጥርሱን ገልጦ ይጠብቃታል።

«የዛሬውን ማለቴ ነው።»

«ኧረ! የዛሬው እንኳ ውስጥ ናቸው፣ ወለሉ ላይ። እኔ ደግሞ በቅደም ተከተል ልሂድ ብዬ እኮ ነው፣ እሜቴ።»

መርማሪዋ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ቀኝ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ወረደች። የሥራ ባልደረቦቿ «ጉልበቴ» ይሏታል። ግማሾቹ ደረጃ ባየች ቁጥር «ወይ ጉልበቴ» ስለምትል ነው ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ እሷ የያዘችው ነገር ሳይፈታ ስለማይለቀቅ ነው ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ቦታው የጤና ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ነው። መውጫው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር የተቀደዱ፣ ፍርግርግ የተመቱ ጠባብ ቀዳዳዎች ሲሆኑ በእነሱ በኩል የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ነው። እዚያ የሚሠራ ሰው ጓደኞቹን ከፊታቸው ይልቅ በተረከዛቸው ያውቃቸዋል። መርማሪዋ ከላይ ያለውን የብረት በር አስዘጋችና «እኔ ሳልል ማንም አይወጣም» አለች። እንደዚያ ሲባል ሳል የማይዘው ሰው የለም፤ ወዲያው ሦስቱ ሳሉ።

ሟቹ ዕድሜያቸውን አጥንት ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ መምህር ናቸው። የአጥንት ክፍሉ የብረት በር ሥር በደረታቸው ወድቀዋል፤ አንድ መዳፋቸው ከበሩ አልራቀም። ጠረጴዛው ላይ አጥንት የተዘፈዘፈበት ሳፋ አለ። አጠገቡ «ውሃ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ባዶ ጆግ ተቀምጧል። የአየር ማራገቢያው ሲዞር አርፍዶ እንኳን ሽታው ጉሮሮ ይይዛል።

ሳጅኑ ያወቀውን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። «ሳፋው ውስጥ አጥንት ማንጫ በረኪና ነበር። ጆጉ ውስጥ ግን ውሃ ሳይሆን አሲድ ነው የነበረው። መምህሩ ውሃ መስሏቸው ሳፋው ውስጥ ጨመሩት፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጢስ ሳንባ ያቃጥላል። መምህሩ ወደ በሩ ሮጡ፤ በሩ ከውጭ ተሸጉሯል። ዘበኛው አምስት ሰዓት ላይ መሸጎሪያውን ነቅሎ ሲከፍት አልቀዋል። ጆጉን ማታ ማታ የምትሞላው ጽዳት ሠራተኛዋ ናት። በሩን የሸጎረችውም እሷ ናት፤ ራሷ አምናለች። አስር ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል፣ ይዣት እሄዳለሁ።»

«መሸጎሪያው የታለ?»

ሳጅኑ በላስቲክ የታሰረ፣ ጣት የሚያህል ነጭ አጥንት ሰጣት። «ቁልፉ ከጠፋ ዘመን የለውም አሉ። በሲባጎ ያንጠለጠሉትን የፍየል ቅልጥም የበሩ ቀለበት ውስጥ ይሰካሉ። የተማረ ሰው ቤት እንዲህ ነው።»

መርማሪዋ አጥንቱን ልታጥፈው ሞከረች። እንደ ብረት ነው።

ጽዳት ሠራተኛዋ ተግባር መማሪያው ክፍል ውስጥ፣ ረጅም አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሰው ተቀምጣለች። ሁሉም «እትዬ» ይሏታል።

«እትዬ፣ በሩን ማን ዘጋው?»

«እኔ።»

«ሰው ውስጥ እንዳለ እያወቁ?»

«እያወቅሁ። በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ እንደዘጋሁት ነው የኖርኩት። በሩ በነፋስ እየተላተመ፣ ሽታው ወደ መማሪያው እየገባ አስቸገረ።»

«እሳቸውስ ምን ይላሉ?»

«"ዝጊው እህቴ፣ እኔ በራሴ እወጣለሁ" ይላሉ።»

ሳጅኑ በአፍንጫው ሳቀ። «ከውጭ ከተሸጎረ በር?»

«ይወጣሉ። አንድ ቀን ዘግቼ ዞር ስል ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። በድንጋጤ ባልዲዬን ደፋሁ።»

«እንዴት አድርገው ነው የወጡት?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ምን አውቄ? የተማሩ ሰው ናቸው።»

መርማሪዋ አየቻት። የሴትዮዋ ዓይን ግን እሷ ላይ አይደለም፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ላይ ነው።

«የሚጠብቅዎት ሰው አለ?»

እትዬ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። «እህቴ ናት። አእምሮዋ ከድቷታል፤ ከወጣች መመለሻውን አታውቀውም። ስለዚህ ጠዋት ከውጭ ቆልፌባት ነው የምወጣው። አስራ አንድ ሰዓት ላይ እከፍትላታለሁ። ቁልፉ ይኸው፣ አንገቴ ላይ ነው፤ ሌላ የለውም።»

«ጉድ እኮ ነው!» አለ ሳጅኑ። «ሰው መቆለፍ ልማድዎ ነው ማለት ነው!»

እትዬ ቁልፉን ወደ ልብሷ ውስጥ መለሰችው። ይህን ቃል እንደምትሰማ አውቃ ኖሮ ነው እስካሁን አፏን የያዘችው።

ምክትሉ ቀጥሎ ገባ። የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ፣ አሁን የክፍሉ ሁለተኛ ሰው ነው፤ ጋዋኑ ምላጭ ይመስላል። መርማሪዋ ልትቀመጥ ስትል ጉልበቷ ቋ አለ።

«ለምለም አጥንቱ ነው የተበላው» አለ ምክትሉ ሳይጠየቅ። የሙያ ነገር ሆኖበት እንጂ ደግ ለመሆን አልነበረም።

«ለምለም አጥንት ደግሞ ምንድን ነው?»

«የጆሮዎን ጫፍ ይንኩት። የሚታጠፈው እሱ ነው። መጋጠሚያ ላይ ደግሞ አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ ይለብጣቸዋል። እሱም አጥንትም ሥጋን የሚያያይዙ፣ አካልን ደግፈው የሚይዙ ሕብረ ሕዋሳት ናቸው፤ ወንድማማች ይበሏቸው። ግን ዕድላቸው ለየቅል ነው። አጥንት ውስጡ ደም ሥር ስላለው ቢሰበር ይጠገናል። ለምለም አጥንት ደም ሥር የለውም፤ ምግቡ ከጎረቤት እየሰረገ ነው የሚደርሰው። እንደ እርስዎ ጉልበት ከተበላ አይመለስም።»

«ምንም ተስፋ የለውም?»

«ምርኩዝ ይግዙ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«ሚስማር ላይ ነው። ማንም ያነሳዋል፤ ጽዳትም ብትሆን።»

መርማሪዋ ከእሱ ወደ ሟቹ ጠረጴዛ ሄደች። አንድ ማስታወሻ ደብተርና አንድ ሊታተም የተዘጋጀ ጽሑፍ ነበር። የጽሑፉ ርዕስ «የተጎዳ ለምለም አጥንትን በሃያ ቀን መልሶ ማብቀል» ይላል፤ ደራሲው ምክትሉ ነው። መርማሪዋ ርዕሱን ሁለቴ አነበበችና ጉልበቷን አሻሸች።

ሳጅኑ ግን ደብተሩ ላይ ተጥዶ ጆሮው ቀልቷል። «እሜቴ፣ ይህን ይስሙኝ። "ሰኞ። ለምለምን ቅባት ቀባኋት። ዛሬ እንደ ልጅነቷ ተጣጠፈችልኝ።"» ገጹን ገለጠ። «"ሰኞ። ለምለም ደረቅ ብላ አገኘኋት፤ ቅባት ጨመርኩላት።" በየሳምንቱ! ያ ሁሉ ሽበት ይዘው!»

«ሌላስ?»

«ትናንትና ደግሞ፣ "ሐሙስ ቦርዱ ፊት መናገር አለብኝ። እንደ ልጄ ያሳደግሁት ነውና ከበደኝ።" ይሄ እንኳ የሥራ ነገር ነው። ዋናው ለምለም ናት! ቅናት ነው፣ እሜቴ። ሚስትየዋ ሰምታ ይሆናል።»

ሚስትየዋ ባሏ መሞቱ ተነግሯት ከቤት ተጠርታ የመጣች ሴት ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እንዲህ ላለው ጥያቄ ማንም አላስተማረውም።

«እመቤቴ... ይቅርታ ያድርጉልኝና... ባለቤትዎ ለምለም ከምትባል... ማለቴ ለምለም የምትባል ሴት ያውቃሉ?»

ሚስትየዋ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ልቅሶው ተመልሶ ሳቅ ሆነ።

«ለምለም የፍየል ቅልጥም ናት፣ ልጄ።»

ሳጅኑ ደብተሩን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ጊዜ በሩ ተሸጉሮበት ግማሽ ቀን ታስሮ ዋለ። እትዬን ለመቆጣት ደግሞ አንጀቱ አልቆረጠም። ስለዚህ ቅልጥም አሲድ ውስጥ ዘፈዘፈ። አጥንት እኮ ሁለት ነገር ነው፣ ይለኛል፤ እንደ ጭቃ ቤት። ማገሩ ክር ነው፣ ጭቃው እንደ ኖራ ያለ ማዕድን ነው። አሲዱ ጭቃውን አጥቦ ይወስደውና ማገሩ ይቀራል። መልኩ ያው አጥንት ነው፤ ግን እንደ ጎማ ይታጠፋል። እሷን በሩ ላይ አንጠለጠለ። ሲሸጎርበት በትከሻው ገፋ ያደርገዋል፣ እሷ እጥፍ ትላለች፣ እሱ ይወጣል። እንዳትደርቅበት ሰኞ ሰኞ ቅባት ይቀባታል። ስትታጠፍ ለምለም አጥንት ስለምትመስል ለምለም አላት። እኔንም እንዲህ ተንከባክቦኝ አያውቅም።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔ። ሌላ ለማን እንደነገረ እንጃ። እትዬ እንዳታውቅ ግን አደራ ብሎኛል። ባልዲዋን ስትደፋ ማየት ይወድ ነበር።»

«እርስዎ ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ የመጡት መቼ ነው?»

«ሦስት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም» አለች፤ ዘበኛውም ከበሩ ላይ ሆኖ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ሳላየው የሚገባ የለም፣ እሜቴ። የሚወጣማ ቦርሳውን ሳልበረብር አላሳልፍም፤ ተማሪ ሁሉ አጥንት ሰርቆ ቤቱ ሊያጠና ይፈልጋል። በእኔ በር አጥንት ይዞ ያለፈ የለም።»

መርማሪዋ ከዚያ በኋላ ምድር ቤቱን ዞረች። የቆሻሻ በርሜሎቹን አየች። እትዬ ከቆሻሻ ውስጥ የምታገኘውን አጥንት ሁሉ እየለቀመች ወደ ክፍሉ እንደምትመልስም ጠየቀች፣ አረጋገጠች። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ከታች የአሲድ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ አንዱ ጎድሏል። ከላይ የመስታወት ማሰሮዎች አሉ። አንዱ ላይ በመምህሩ እጅ «ለምለም አጥንት፣ አስራ አንድ ቁራጭ» ተጽፏል። ቆጠረች፤ አስራ ሁለት ነው። ከፈሳሹ በላይ ትንንሽ የቅባት ዓይኖች ይንሳፈፋሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ተግባር መማሪያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። በሩ ተዘጋ። ከላይ በፍርግርጉ በኩል የሰው ጫማ ያልፋል፣ ይመለሳል፤ ጎንበስ ብሎ የሚያያቸው ግን የለም። ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ የትምህርት ሥዕል በአንሶላ ሸፍናዋለች። ጠረጴዛው ላይ ማይክሮስኮፕ አለ።

«ከማሰሮው ያወጣሁትን አንድ ቁራጭ በምላጭ ስስ አድርጌ ቆርጬዋለሁ» አለች። «ሁላችሁም እያያችሁ ያያችሁትን ሳሉልኝ። ምክትሉ ሙያው ስለሆነ ይንገረኝ ብቻ።»

ዘበኛው አይቶ ነጥብ በነጥብ ሞላው። «ዝናብ ነው» አለ። ሳጅኑ በአንድ ዓይኑ ማየት ስላቃተው የራሱን ሽፋሽፍት ሳለ። ሚስትየዋ እንባዋ አላሳያት አለና እርሳሱን መለሰች።

እትዬ እርሳሱን እንደ መጥረጊያ እንጨት ጨብጣ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ክብ ሳለች፤ በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ፤ መሃሉ ላይ ቀዳዳ።

«ምንድን ነው እትዬ?»

«እኔንጃ። የተቆረጠ ግንድ ይመስላል። መሃሉ ቀዳዳ ነው። ዙሪያውን ክብ በክብ። በክቦቹ መሃል እንደ ተልባ ፍሬ ጥቁር ጥቁር ነገር ተሰድሯል። ከጎኑም ሌላ እንደዚሁ ያለ ግንድ አለ።»

«ዶክተር?»

ምክትሉ ዓይኑን አስጠግቶ ወዲያው አነሳው። «ማሰሮው ላይ እንደተጻፈው ነው። ለምለም አጥንት ነው፤ የበግ ጎን አጥንት ጫፍ ይመስለኛል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እሜቴ፣ ይህ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው።»

መርማሪዋ አንሶላውን ሳበችው። ሥዕሉ ሁለት ነው። በግራ በኩል፣ መስታወት በመሰለ ንጹሕ ነገር ውስጥ ሁለትም ሦስትም ሆነው የተጠጋጉ ሕዋሳት አሉ፤ አንድም ደም ሥር የለም። በቀኝ በኩል፣ ደም ሥር በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ክብ በክብ የተደረደረ ነገር፣ በክቦቹ መሃል ጥቁር ፍሬዎች። እትዬ የሳለችው የቀኙን ነው። ከሥሩ በትልቁ «አጥንት» ይላል።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አለች እትዬ ፈጥና፣ ሌላ ጥፋት የተገኘባት መስሏት።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያዩትን የሳሉት።» መርማሪዋ ወደ ምክትሉ ዞረች። «ይህች ለምለም ናት። አሲድ ጭቃዋን አጥቦታል፣ ማገሩ ግን አጥንት መሆኑን ይመሰክራል። በጣት ለምለም አጥንት ትመስላለች፤ በዓይን አትመስልም። ትናንት ወይ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው እሷን ከሲባጎው ፈትቶ ጠንካራ ቅልጥም አሰረ። ጆጉ ውስጥ አሲድ ሞላ። ቀሪውን ለእትዬ ልማድ ተወው፤ ሦስት ሰዓት ላይ ራሷ መጥታ እንደምትሸጉር ያውቃል። መምህሩ ገፉ። ሁልጊዜ የምትታጠፈው እምቢ አለች።»

ሚስትየዋ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

«ለምለምን የት ያድርሳት? በዘበኛው በር አጥንት አይወጣም። በርሜል ቢጥላት እትዬ ለቅማ ትመልሳታለች። ስለዚህ መሰሎቿ መሃል ደበቃት። ይህን የሚያስብ የሁለቱን መመሳሰል የሚያውቅ ሰው ነው። እትዬ የለምለምን መኖር እንኳ አታውቅም፤ እመቤቴ ያውቃሉ፣ ግን ሦስት ዓመት እዚህ አልረገጡም።»

«ማንም ሊሆን ይችላል» አለ ምክትሉ። ድምፁ ግን የጋዋኑን ያህል ቀጥ አላለም። «እኔም ተሳስቼ ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ባይሆን ኖሮ። አንድ የአጥንት መምህር አጥንትን አጥንት ነው ማለት ያቃተው ለምንድን ነው? አጥንት ነው ካለ "ማሰሮው ውስጥ ማን ከተተው?" ልለው ነው። ለምለም አጥንት ነው ካለ ደግሞ እኛ መሃይሞች አናውቅበትም።» ከጽሑፉ ላይ ርዕሱን አነበበችለት። «በሃያ ቀን በቀለልኝ ብለህ የጻፍከውን፣ ጉልበቴን አይተህ "አይመለስም፣ ምርኩዝ ይግዙ" አልከኝ። እሳቸውም ጽሑፉ ሐሰት መሆኑን ነው ሐሙስ ቦርዱ ፊት ሊናገሩ የነበረው።»

ምክትሉ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። በፍርግርጉ በኩል አንድ ጥንድ ጫማ አለፈ። እሱ በዓይኑ ተከተለው።

«ለመንኳቸው» አለ በመጨረሻ። «አንድ ዓመት ዝም ይበሉኝ፣ አስተካክለዋለሁ አልኳቸው። "ልጄ፣ ልክ ያልሆነ ነገር ታትሞ ሲቆይ ይጠነክራል" አሉኝ። ሌላ መውጫ አጣሁ።»

«እሱም አጣ» አለች ሚስትየዋ።

አስር ሰዓት ላይ ሁለት መኪና መጣ። ምክትሉን አንዱ ይዞት ሄደ። ከላይ ያለው የብረት በር ተከፈተና ከደረጃው ላይ እውነተኛ አየር ወረደ። ዘበኛው ከልማድ የተነሳ የሁሉንም ቦርሳ በረበረ፤ የመርማሪዋንም።

እትዬ የአንገቷን ቁልፍ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ባልዲዋን እንኳ ሳታነሳ፣ ወደ ዋናው መንገድ ልትሮጥ ምንም አልቀራት። ሳጅኑ ከኋላዋ ደረሰባት። ቆቡን አውልቆ በእጁ ያሽከረክራል።

«እትዬ... ያ ከአፌ የወጣው ነገር... እህትዎ እንዳይጨነቁ በእኛ መኪና ላድርስዎት። ከኋላ ይግቡ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

እትዬ መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ አየችው።

«የኋላው በር ከውስጥ ይከፈታል?»